ሣር ደረሰኝ የለውም

ኮከብ ወልደሥላሴ ኦጁሉን መጀመሪያ ያየችው መብራት በጠፋበት ቀን ነው። መጋቢት ነበር፤ የጋምቤላ መጋቢት። የቢሮው ማራገቢያ ቀጥ ብሏል። የማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ሠራተኛ ኮከብ የካፒታል በጀቱን ሰነድ በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ታራግብበት ነበር። አንድ ረጅም፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ የተጣበቀ ወጣት በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ ማራገቧን ሳታቆም።

«ቤታችንን ፈልጌ ነበር» አለ። «የወንዝ ዳር ሰፈር የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ከፌዴራል ለቤት መሥሪያ የመጣ ድጎማ አለ ተብለናል።»

«አለ።»

«የታለ?»

ኮከብ እጇ ላይ ያለውን ሰነድ አየት አደረገችው። «ይኸውና።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ አራግቢ፤ ጣሪያው እንዳይገነጠል።»

በዚያ ሙቀት መሣቅ ራሱ ሥራ ነው። ኮከብ ግን ሣቀች። ሣቋ ሲያልቅ ሰውየው አሁንም እያያት ነበር።

ኦጁሉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ባሮ ሲሞላ ውሃው እነሱ ሰፈር ይገባል፤ ጭቃ ግድግዳ ይንዳል፤ ልጅና ሽማግሌ በወባ ይወድቃል። ክልሉ ክልል ከተባለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነውና ሰዉ ተስፋ ማድረግ አልሰለቸውም ነበር። ድጎማው ሠላሳ ቤት ከፍ ባለ መሠረት ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አድርጎ ለመሥራት ይበቃል ተብሏል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገንዘብ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ደንቡን አዝሎ ነው የሚመጣው። ቦታው ከነባር ቤት ነጻ ካልሆነ ገንዘቡ አይለቀቅም። ሰኔ ሠላሳ፣ ዓመቱ ሲዘጋ፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ተመላሽ ይሆናል። ተመላሽ ያደረገ ከተማ ደግሞ «የመጠቀም አቅም የለውም» ተብሎ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል። ይህን ሁሉ ኮከብ ለኦጁሉ በአንድ ቀን ማስረዳት ትችል ነበር። ሰባትም ስምንትም ቀን ፈጀባት። አንዴ ቢሮ፣ አንዴ ድልድዩ ላይ፣ አንዴ ከገበያ ሲመለሱ። ስለ በጀት ይጀምሩና ድልድዩን ሲጨርሱ ስለ ምን እያወሩ እንደነበር አንዳቸውም አያስታውሱም።

የኮከብ አባት አቶ ወልደሥላሴ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ አሮጌ ድሬሰር ናቸው። ከተማው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳይነገራቸው አይውሉም።

«ልጁ አኙዋ ነው አሉኝ» አሏት አንድ ቀን።

«ነው፣ አባዬ።»

«ክርስትናው የሚስዮን ነው አሉኝ።»

«ነው።»

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ሃያ ዓመት መርፌ የወጋሁት ሕዝብ ነው፤ ክፉ አላየሁበትም። ግን ልጄን ነሐሴ ላይ ውሃ ውስጥ አላስተኛም። ያ የምትሉት ቤት ይለቅና ሽማግሌ ይላክ።»

ኮከብ ይህን ለኦጁሉ ስትነግረው ጮቤ ረገጠ። እናቱ አሪየት ግን ተጨነቁ። በእነሱ ወግ ሙሽራ የምትጠየቀው ድሙይ በሚባል ከአያት በወረደ ሰማያዊ ጨሌ ነው፤ ደገኛ አባት ጨሌውን ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? ኦጁሉ ይህን ሲያስተረጉም ኮከብ «አባዬ መድኃኒት መስሎት እንዳይውጠው» አለች፤ አሪየት ትርጉሙን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ደጉ ጊዜ ይኸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ አልተሣቀም።

ግንቦት መጀመሪያ ኮከብ ለሰፈሩ ሰው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆማ ደንቡን ተናገረች። ቦታው ሲጸዳ ገንዘቡ ይለቀቃል አለች። ኦጁሉ እያስተረጎመ ነበር። ማንም አልተነሣም። የቆመ ቤትን ላልመጣ ቤት ብሎ ማፍረስ ለማንም ይከብዳል። ያን ጊዜ አሪየት ብድግ ብለው ወደ ጎጇቸው ሄዱና ከጣሪያው ላይ አንድ እቅፍ ሣር መዝዘው መሬት ላይ ጣሉት።

«ምን አሉ?» ስትል ጠየቀች ኮከብ።

«የሰብሳቢ እናት ሁለተኛ ሆና አታፈርስም አለች» አላት ኦጁሉ።

በሳምንቱ ሰፈሩ ሜዳ ሆነ። ሰዉ ሸራ ወጥሮ ገባ።

ሰኔ ጋምቤላ ላይ ሁለት ነገር ይዘጋል፤ መንገድና ሒሳብ። ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ቆርቆሮና ሲሚንቶ የጫኑት መኪኖች ከጎሬ ቁልቁለት ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ቀሩ፤ ተቋራጩም ውሉን ጥሎ ሄደ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ልዑልቃል ኮከብን አስጠሩ።

«ገንዘቡ እንዳይመለስ የበጀት ዝውውር አዘጋጂ» አሏት። «የስብሰባ አዳራሹ ወንበር የለውም። ነጋዴው ይግዛው መጋዘኑ ውስጥ የወንበር እንጨትም ብረትም አለው፤ ደረሰኝም ይቆርጣል። ወንበር እናሠራ።»

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ ቤታቸውን እኮ አፍርሰዋል።»

«አውቃለሁ።» ልዑልቃል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነበር። «ከመለስነው ወንበርም ቤትም የለም፤ ለከርሞም ይቀነሳል። ለሚመጣው ዓመት እናስብላቸዋለን።»

ኮከብ ከዚያ ወጥታ በወንዝ ዳር አለፈች። አሪየት ሸራው ሥር ተቀምጠው ያስላሉ። ሸራው መሐል ላይ ውሃ አቁሮ ሊቀደድ ደርሷል። ቤቶቹን እንደ ጥንቱ በእንጨትና በሣር ቢሠሩስ? ከፍ አድርጎ ለመሥራት ወፍራም ቋሚ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የአቦቦ ሰፋሪዎች እንጨት ለሽያጭ ያመጣሉ፤ ሣር አጫጆች ሞልተዋል። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤት ያለ የታተመ ደረሰኝ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ወንበር ደረሰኝ አለው። ሣር ደረሰኝ የለውም።

ይግዛው ዘንድ ሄደች።

«የወንበር ደረሰኝ ቁረጥ፤ ብሩን ግን ለእንጨትና ለሣር ሻጮቹ ክፈል» አለችው።

ነጋዴው አፉን ከፍቶ አያት። «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?»

«ለአንተም ለእኔም አምስት ሳንቲም አይቀርም።»

«አለመቅረቱማ ነው የሚያስፈራው» አለ ይግዛው። «የበላ ሰው ያካፍልና ይተርፋል። እሺ፣ እቆርጣለሁ። ኦዲተር የመጣ ቀን ግን እኔ እዚህ አገር የለሁም።»

እንጨቱ በሦስተኛው ቀን መውረድ ጀመረ። ኦጁሉ ቋሚ ተሸክሞ እየሮጠ መጣና «ይኼ ሁሉ ከየት ነው?» አላት።

«ከበጀቱ ነው።»

«በደንቡ ነው?»

ኮከብ ፊቷን አዞረች። «ቋሚውን በደንብ አጥልቃችሁ ትከሉ» አለችው። ኦጁሉ ከደስታው ብዛት መልስ እንዳልሰጠችው እንኳ ልብ አላለም።

ያን ነሐሴ ባሮ ሞላ፤ ውሃው ቤቶቹ ሥር ገብቶ አለፈ። ማንም አልሞተም። አቶ ወልደሥላሴም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ጥቅምት ላይ የኦጁሉን ሽማግሌዎች ተቀብለው ለጥር ቀን ቆረጡላቸው።

ከሠርጉ በፊት የደረሰው ኦዲተሩ ነው። አዳራሹን ከፍቶ ገባ፤ ባዶ ነው። ይግዛው በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ። አቶ ልዑልቃል ኮከብን በር ዘግተው አነጋገሯት።

«ዐይን አለኝ ልጄ። እነዚያ ቋሚዎች ከሰማይ አልወረዱም። የገባበትን ተናገሪ። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ንብረት የመንግሥት ነው፤ እንረከበዋለን፣ ቤት ለሌላቸው ሠራተኞች ይከፋፈላል፤ አንቺም ነጻ ትወጫለሽ።»

«ሰዎቹስ?»

ልዑልቃል ፊታቸው ያለውን ፋይል ዘጉ። ኮከብም ከዚያ በኋላ ለማንም ምንም አልተናገረችም፤ ታሰረች።

ኦጁሉ ነገሩን የሰማው በታሰረች ዕለት ነው። በችሎቱ ዋዜማ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽቦ አጥር መሐላቸው ሆኖ ተገናኙ።

«እናገራለሁ» አላት። «እንጨቱን ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ነገ ችሎት ቆሜ እናገራለሁ።»

«አትናገርም።»

«ይፈርዱብሻል እኮ!»

«ከተናገርክ እናትህ ወደ ሸራ ትመለሳለች። ሠላሳ ቤተሰብ ይመለሳል። እኔ በምን ፊቴ ነው ነጻ የምወጣው?» ጣቷን በሽቦው ቀዳዳ አውጥታ እጁን ነካችው። «ማልልኝ።»

ኦጁሉ ማለላት።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዳኛው «ገንዘቡ የት ገባ?» ብለው ጠየቋት። ኮከብ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት። ያን ጊዜ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ሲንቋቋ ሰማችና ዞር አለች። ኦጁሉ ብድግ ብሏል። ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ኮከብ በራሷ ብስጭጭ እስክትል ድረስ ልቧ በደስታ ዘለለ። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሸራው፣ ስለ መሐላው አንድም ሐሳብ በዚያች ቅጽበት አልመጣባትም። ተናገር፣ ተናገር፣ አለች በሆዷ።

ኦጁሉ ቁልቁል አየ። ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት ተፈረደባት።

ኦጁሉ አንድም እሑድ አልቀረም። የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፤ እሷም ትሰማዋለች። ስለዚያች ብድግ ማለት አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። አቶ ወልደሥላሴ ኀፍረቱ አላስቀምጥ ብሏቸው ወደ መቲ ተዛወሩ። ቤቶቹን አይተዋልና የልጃቸውን ንጽሕና ያውቃሉ፤ ግን ለጎረቤት ሊናገሩት የማይችሉት ንጽሕና ነው።

የተፈታችው በአመክሮ፣ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ኦጁሉ በር ላይ ጠበቃት፤ ሻንጣዋን ተቀብሎ በቀጥታ እናቱ ቤት ወሰዳት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ኮከብ መወጣጫውን ወጥታ ገባች፤ ያን ቤት ከውስጥ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ደረቅ ነው፤ ሣሩ ጠብታ አያስገባም። አሪየት እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧትና ጉንጯን ዳሰሱ።

«አስተማሪ ነኝ፤ ደመወዜ ጨምሯል» አለ ኦጁሉ ቀስ ብሎ። «መቲ ሄጄ አባትሽን እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ። ኮከቤ፣ አሁን ምን ቀረን?»

ኮከብ ዝናቡን እያየች ነበር።

«ዝም በል ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ትክክል ነው ያደረግኸው። ማንም ቢጠይቀኝ ትክክል ነው እላለሁ። ግን ስትቀመጥ አየሁህ። ይህን ሁሉ ጊዜ፣ ዓሣውን ይዘህ ስትመጣ እንኳ፣ ስትቀመጥ ነው የማይህ። ልተወው ሞከርኩ። እምቢ አለኝ።»

ኦጁሉ ቀና ብሎ አያት።

«ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ታገቢኝ ነበር?»

ልትዋሸው አልፈለገችም። «አላገባህም ነበር» አለች። «እናቱን ዝናብ ላይ ያወጣ ሰው አላገባም ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ምንም። ምርጫ አልነበረህም፣ ኦጁሉ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «እወድሃለሁ። እሱ አልተነካም። አብሬህ መኖር ግን አልችልም።»

አማርኛ የማይሰሙት አሪየት አንዴ ልጃቸውን አንዴ እሷን እያዩ ቆዩና በአኙዋኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ኦጁሉ አጭር መልስ ሰጣቸው። የእናቱ ፊት በራ። ኮከብን ግንባሯን ሳሟት፤ ወደ ጓዳቸው ገብተውም ድሙዩን የያዘውን ጥቅል ይዘው ወጡ፤ እየፈቱ፣ ጨሌዎቹን እያሹ ያሳዩዋት ጀመር።

«ምን አልካቸው?» አለች ኮከብ በሹክሹክታ።

«አባቷን ልታመጣ ነው የምትሄደው አልኳት።»

ኮከብ ጨሌዎቹን አንድ በአንድ ተቀብላ አየች፤ ያማሩ ናቸው አለች፤ ኦጁሉም አስተረጎመላቸው። ዝናቡ ሲያባራ ሻንጣዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ወረደች።