ተዘቅዝቆ የተሰቀለው ንስር

ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ወደ ደሳለው ሱቅ ስትገባ፣ ደሳለው ለአንድ የጣራ ገዳም መነኩሴ የታዘዘ የእጅ መስቀል እየሞረደ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነው፣ መጋቢት 2001 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ ጾም። አያ ሞላ ቅዳሜ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፣ እሁድ ተቀበሩ፣ ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ሌላ ወሬ የላትም።

ኢንስፔክተሯ አጠር ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ከኪሷ መሐረብ አወጣችና ፈታችው፤ አንዲት ክብ የነሐስ አርማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ብረት ያውቃል ብለውኝ ነው» አለች። «ይቺ አያ ሞላ እጅ ውስጥ ነው የተገኘችው። ጣታቸውን ፈልቅቀን አወጣናት። ኦሪጅናል ናት ፎርጅድ?»

ደሳለው ሳያነሳት አወቃት። ራሱ ነዋ የሠራት።

አያ ሞላ ማለት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጣልያን ጥሎት የሸሸውን የወታደር አርማ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ገበሬ ሲያርስ ከትልሙ አርማ ከወጣ፣ በገበያ ቀን ይዞላቸው ይመጣል። እሳቸውም ቀይ ከፋይ በለበሰ ጣውላ ላይ ሰክተው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉታል። ደሳለው ከጉና ሥር በእግሩ ከተማ ሲገባ የመጀመሪያውን ወናፍ የገዙለት ደግሞ እኚሁ ሰው ናቸው። እና ደሳለው አሁን ምን ይበል?

«ኦሪጅናል ናት» አለ።

«እንዴት አወቅክ? እኔ አላውቅም፣ አስተምረኝ።»

ደሳለው ሲጨነቅ ወሬ ይበዛበታል። «ኦሪጅናሉ በማሽን ተመትቶ የወጣ ነው። ፊቱ ላይ ጉብ ያለው ቅርጽ ጀርባው ላይ ጎድጉዶ ይታያል። ፎርጅዱ ግን ዋናውን ጭቃ ላይ አትመው ነሐስ የሚያፈሱበት ስለሆነ ጀርባው ድፍን ነው። ደግሞ ነሐስ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ከዋናው ትንሽ ያንሳል። አሮጌ እንዲመስል የበግ ጋጣ ፍግ ውስጥ ይቀብሩታል።»

ፈንታነሽ አርማዋን ቀስ ብላ ገለበጠቻት። ጀርባዋ ድፍን ነው። ጠርዙ ላይ ሦስት ቀጫጭን የሞረድ ጭረቶች አሉ።

እሷ ጠረጴዛው ዳር የተደረደሩትን ያለቁ መስቀሎች አየት አድርጋ መሐረቡን ቋጠረች።

«መቼም ጥሩ አስተማሪ ነህ። ተነስ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትንም ታይልኛለህ።»

የአያ ሞላ ቤት ደፍ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ጭንቅላታቸው የተመታው እሱ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ የእህታቸው ልጅ ዓይናለም ከአንዲት ፖሊስ ጎን ተቀምጣለች። ከቤሩት ከተመለሰች ወዲህ ከአያ ሞላ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ነበረች። የግቢው በር ከውጭ ተቆልፎ ተገኘ፣ መክፈቻው ያለው እሷ ጋ፣ ያውም ባለፈው ሳምንት ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። በቃ፣ ሁለት ቀን ጣቢያ አደረች። ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ ደግሞ ወህኒ መውረዷ ነው።

«ጭቅጭቁ የምን ነበር?» አለች ፈንታነሽ።

«የልብስ ስፌት ማሽኔን የማኖርበት ቦታ አጣሁ። ይሄን የጣልያን ቁርጥራጭ ከዚህ ያንሱልኝ አልኳቸው።» ዓይናለም አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለሱ ሲል ሰው ይገድላል ኢንስፔክተር? ቤሩት ስንቱን ችዬ መጥቼ።»

«ቅዳሜስ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ ገበያ ስወጣ አሥራ አንድ አርማ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ደርድረው በክር ይለኩ ነበር። መዝገቡም አጠገባቸው ነበር። ከቅበላ ወዲህ እንዲሁ ነው፣ ሲለኩ ሲመዘግቡ።»

«ከቅበላ ወዲህ ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ለቅበላ የነፍስ አባታቸው ቂም ይዘው ጾም እንዳይገቡ መክረዋቸው፣ ያንን መሃል ያለውን የንስር አርማ አንስተው አዙረው ሰቀሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳብ ገባቸው።»

ፈንታነሽ ወደ ግድግዳው ዞረች። ደሳለውም ዞረ። ከአርባ ሦስቱ አርማዎች አንዷ ብቻ ጎደለች፣ እጃቸው ውስጥ የተገኘችው። የቀሩት ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ መሃል ላይ ንስሩ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ደፍቶ ተሰቅሏል። መዝገቡ ግን የለም።

ኢንስፔክተሯ ንስሩን ብዙ አየችው። ከዚያ ጣቷን በከፋዩ ላይ አስኬደች። ከፋዩ በመስኮቱ ፀሐይ ነጥቷል፤ አንዳንዱ አርማ ዙሪያ ግን ፀሐይ ያልነካው ጥቁር ቀይ መስመር እንደ ቀለበት ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው ደሳለው?»

«አቧራ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች።

በዚህ መሃል ከደጅ ሳል ተሰማና መምህር ካሳሁን እያነከሱ ገቡ። የአያ ሞላ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው። በየሐሙሱ እየመጡ መዝገቡን የሚጽፉላቸውም እሳቸው ናቸው፤ የሞላ ጽሕፈት አይነበብም ነበርና። ተቀምጠው አለቀሱ፣ እውነተኛ ልቅሶ።

«ለጉልበቴ ብዬ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ነበር» አሉ። «ከቅበላ በፊት ነው የሄድኩት። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ከመኪና ስወርድ ሞላ ሞተ አሉኝ። ውሃ እንኳ ይዤለት ነበር፣ ለወገቡ።»

ፈንታነሽ «ነፍስ ይማር መምህር» ብላ ሌላ ነገር አልጠየቀቻቸውም።

መንገድ ላይ ብርሃኑን አስቆመችው፤ ለቱሪስት መንገድ እያሳየ የሚኖር፣ መነጽሩን አናቱ ላይ የሚሰካ ጎረምሳ ነው።

«አርማ ትሸጣለህ አሉ።»

«ማስታወሻ ነው የምሸጠው እትዬ። ፈረንጅ አሮጌ ነገር ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ፈረንጅ እወዳለሁ።»

«ከማን ነው የምታመጣው?»

ብርሃኑ ደሳለውን ሰረቅ አድርጎ አየውና «ከገበሬ» አለ። ደሳለው ጫማውን አየ። ዓምና ብርሃኑ አንድ አንድ አርማ እያመጣ «ለፈረንጅ ማስታወሻ ነው፣ አምሳያውን አውጣልኝ» ሲለው፣ ከየት አመጣኸው ብሎ አልጠየቀም ነበር። መጠየቅ አልፈለገም።

ይሄ ግን ትንሹ ነው። ደሳለውን እህል የከለከለው ሌላ ነገር ነበር። ዐርብ ዕለት ዓይናለም ሱቁ ድረስ መጥታ «አያ ሞላ ነገ ጠዋት ይምጣ ብለዋል» ብላው ነበር። ሄደ፤ የግቢው በር ጋ ደረሰ። ከውስጥ የሁለት ሽማግሌዎች ድምፅ ሰማ፣ አንደኛው ጮክ ይላል። ደሳለው ደስ አለው። እንግዳ አለባቸው ብሎ፣ እግዜር አወጣኝ ብሎ፣ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ ከአያ ሞላ ቤት የለቅሶ ጩኸት ተሰማ።

ይሄን ልናገር ቢል፣ ምን ልትሠራ ሄድክ ሊባል ነው። ከዚያ አርማው ይከተላል። ከዚያ መስቀል የሚያዝዘው ካህን ሁሉ «ያ ፎርጅድ የሚሠራው» ይለዋል። ዝም ቢል ደግሞ ዓይናለም አለች።

ማክሰኞ ሣልስት ነው። ጸሎቱ አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን ፈንታነሽ አራቱን አስቀረቻቸው፦ ዓይናለምን፣ መምህር ካሳሁንን፣ ብርሃኑንና ደሳለውን። ሁሉም አርማዎቹ ካሉበት ግድግዳ ፊት ተቀመጡ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ከበሩ እንጀምር» አለች። «በሩ ላይ ያለው ጋን ቁልፍ ነው። ለመክፈት መክፈቻ ይፈልጋል፤ ለመዝጋት ግን ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም ሊቆልፈው ይችላል፣ ዓይናለም ብቻ አይደለችም። እሷ ስትወጣ አሥራ አንድ አርማ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እኔ ስመጣ አሥሩ ግድግዳው ላይ ነው። ሟች ሞተው ተነስተው አልሰቀሉም።»

ብርሃኑ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«የእነዚያን የአሥሩን ዙሪያ ተመልከቱ። ከፋዩ ላይ ጥቁር ቀለበት አላቸው። ብዙ ዓመት ትልቅ አርማ ቆሞበት ፀሐይ የከለለው ቦታ ላይ፣ አሁን አነስ ያለ ቆሟል። ነሐስ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ይሄን ያስተማረኝ ሰው እዚህ አለ።» የአራቱንም እጅ አየች። «ማነው የሠራቸው?»

ደሳለው ዓይናለምን አየ። ሦስት ቀን ያልተነካ ጸጉሯ ከነጠላው ሥር ወጥቷል። እሷ ግን እሱን አላየችውም፣ እጇን ነው የምታየው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ድምፁ ለራሱም ሩቅ ነበር። «አሥራ አንዱንም። ብርሃኑ እያመጣ። ቅዳሜ ጠዋትም መጥቼ ነበር። በሩ ጋ ድምፅ ሰምቼ ተመለስኩ።»

«የማን ድምፅ?»

«ከአያ ሞላ ሌላ አልለየሁም። ሽማግሌ ነው። በሩ ሥር ግን ቢጫ ጀሪካን ነበር፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት።»

«ከተማው ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ነው ልጄ» አሉ መምህር ካሳሁን በለሆሳስ።

«እውነት ነው» አለች ፈንታነሽ። «ጀሪካኑን ለጊዜው እንተወው። መምህር፣ እርስዎ ስብስቡን ከማንም በላይ ያውቁታል። ንስሩ በትክክል ነው የተሰቀለው?»

መምህሩ ቀና ብለው አዩት። «አዎ። የጠላት ክፍል አርማ ነው፣ ሞላ ሳይወለድ አባቱን የገደሉት። ቀና አድርጌ አልሰቅለውም ብሎ እንደዘቀዘቀው ኖረ።»

ዓይናለም ቀና አለች። «ኧረ ለቅበላ ቀና አድርገውታል። ይቅር ብያቸዋለሁ ብለው። እስከ ዐርብ ማታ ቀና ብሎ ተሰቅሎ በዚህ ዓይኔ...» አልጨረሰችውም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን አየች።

«ሲያነሱት ነው ጀርባውን ያዩት» አለች ፈንታነሽ። «ድፍን ሆኖ አገኙት። ከዚያ ሌሎቹን መለካት ጀመሩ፤ ንስሩን ጨምሮ አሥራ አንድ ፎርጅድ ሆኑ። የገደላቸው ሰው ነገሩ እንዳይታወቅ አርማዎቹን መለሰ፣ የአርማዎቹ ልክ በእርሳስ የተነሳበትን መዝገብም ወሰደ። እያንዳንዱን በቦታው የሚመልስ ሰው ስብስቡን በቃሉ ያውቀዋል ማለት ነው። ብርሃኑ ገብቶ አያውቅም። ደሳለውም ተሰቅለው ማየቱ ነው እንጂ ቦታቸውን አያውቅም። ዓይናለም ታውቃለች፤ እሷ ብትሆን ግን ንስሩን ቀና አድርጋ ትሰቅለው ነበር። እንደ ድሮው የዘቀዘቀው፣ የድሮውን የሚያውቅ፣ የቅበላውን ግን ያልሰማ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ከተማ ያልነበረ።»

ብርሃኑ መነጽሩን ከአናቱ አወረደ። «መምህር ናቸው የሚሰጡኝ» አለ ቶሎ ቶሎ። «የራሴ ነው ብለውኝ ነው። አምሳያውን ለሳቸው እመልሳለሁ፣ ዋናውን እሸጣለሁ። ሰው እንደሚሞትበት መች አወቅኩ።»

መምህር ካሳሁን ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። ቅዳሜ በማለዳ መኪና ነበር የመጡት፤ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ጓደኛቸው፣ የፍል ውሃውን ጀሪካን እንደያዙ።

«አሥራ አንዱን ደርድሮ ጠበቀኝ» አሉ። «ማን ነው ያደረገው አላለኝም። ካሳ፣ ማን ይመስልሃል ነው ያለኝ። አርባ ዓመት ጓደኛው ነኝ፣ ልቡ እኔን ሊጠረጥር እንቢ ብሎት። ነገ ግን ለሰው አሳያለሁ አለ። መዝገቡን ላስጥለው ገፋሁት። ጉልበቴ ነው የሚታመመው እንጂ እጄ ደህና ነው።» ደሳለውን አዩት። «የጮህኩት እኔ ነኝ። እሱ አልጮኸም።»

ፖሊሱ ሲወስዳቸው እያነከሱ ነበር። ማንም አልሰደባቸውም።

ፈንታነሽ አርማዋን ከመሐረቡ አውጥታ ደሳለው ፊት ያዘችው። ሦስቱን ጭረቶች በአውራ ጣቷ ነካች። «ይሄን ለምን አደረግከው? ፎርጅድ ላይ ስም የሚጽፍ ሰው አላየሁም።»

«ስም አይደለም። መስቀል ስጨርስ በሥላሴ ስም ብዬ ሦስት ጊዜ አስነካዋለሁ። እጄ ለምዶ ነው። አላስተዋልኩትም።»

«እሳቸው አስተውለዋል። ወናፍ የገዙለትን ሰው እጅ አያጡትም። ሲሞቱም የያዙት ይሄንኑ ነው፤ ለመምህሩ ግን ስምህን አልነገሩም። ሰኞ ጠዋት ሱቅህ ስገባ ባለቁት መስቀሎች ላይ አይቼዋለሁ፣ ራስህ እስክትናገር ነው የጠበቅኩህ። ነገ ጣቢያ ትመጣና ቃልህን ትሰጣለህ። የፎርጅዱም ጉዳይ ይጠብቅሃል።»

«ኢንስፔክተር፣ ቅዳሜ ገብቼ ቢሆን ኖሮ...»

ሌላ ሰው ቢሆን ያጽናናው ነበር። «አላውቅም» አለችው።

ዓይናለም በር ላይ ደረሰችበት። ትሰድበኛለች ብሎ ቆመላት።

«ዐርብ ዕለት ሙሉውን አልነገርኩህም» አለችው። «ይምጣ ብቻ አልነበረም ያሉት። አልቆጣውም በይው ብለው ነበር። ልሮጥ ስል ረሳሁት።»



ረቡዕ ከሰዓት፣ ከጣቢያ ሲመለስ፣ የጣራ ገዳሙ መነኩሴ ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። መስቀሉን ሰጣቸው። ፊቱን ተሳለሙ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ገልብጠው የጀርባውን ጠርዝ ዳበሱ።

«ሦስቷ ጭረት የለችም ልጄ።»

ደሳለው ሞረዱን አነሳ። እጁ መንገዱን ያውቀዋል፣ የዓይን ቅጽበት ያህል ሥራ ነው። ሞረዱ መስቀሉን ሳይነካ ብዙ ቆየ።

«አላለቀም አባ» አለ። «ሌላ ቀን ይምጡ።»