ቀለል ያለ ቱቦ

መጀመሪያ ሳየው አላማረኝም፤ እውነቴን ነው። በአባቴ የቆርቆሮ ሥራ ቤት አሸንዳ እያጠፍኩ ሳለሁ፣ አንድ ቀጭን መምህር በጨርቅ የጠቀለለውን ክብ መስታወት እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«ይቺን በእጄ ሞርጄ ነው የሠራኋት፤ ስድስት ወር ፈጀችብኝ» አለ። «ቴሌስኮፕ ላደርጋት ነው። የምትገባበት ቱቦ ቸገረኝ።»

«ከምን እንዲሆን ይፈልጋሉ?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪኝ።»

ደንበኛ ሁሉ ያዛል፤ እሱ ጠየቀኝ። በዚችው ቃል ልቤ ድንግጥ አለ።

የፕላስቲክ ቧንቧ አሳየሁት፤ ፀሐይ ሲመታው ይጣመማል ብሎ ተወው። ወፍራም ላሜራ ጠቅልዬ በየድኩለት። ንቅንቅ የማይል፣ ራሴ የኮራሁበት ሥራ ነበር። በሳምንቱ በሰው አሸክሞ መለሰው።

«ትንሽ ከበደ። ቀለል ያለ የለም?»

ከስስ ኮምፔንሳቶ ሠራሁለት። እሱንም መለሰው። አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታሾፍብኛለህ? ወይስ እኔን ለማየት ነው የምትመላለሰው?»

ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም። «ሁለተኛውስ እውነት ነው» አለ።

በመጨረሻ ግንበኞች ክብ ምሰሶ ሲሠሩ ሲሚንቶ የሚሞሉበትን የካርቶን ቱቦ ፈልጌ አገኘሁ። እርጥበት እንዳያበላሸው ቀለም ቀብቼ እስኪመጣ ጠበቅኩት። በአንድ እጄ አንስቼ አቀበልኩት። ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሞከረ። ጣቶቹ አልጨበጡለትም።

«ጡንቻዬ እየሟሸሸ ነው» አለኝ። «ሐኪሞቹ መድኃኒት የለውም ብለዋል። ለአንቺ መንገር ፈራሁ። ቱቦው ከበደ ማለት ቀለለኝ።»

እኔ ደግሞ ስቀልድበት ከርሜያለሁ!

እሱ ከወጣ በኋላ፣ ከጓዳ ሆኖ ሲሰማ የቆየው አባቴ መጣ። «ልጄ፣ እያየሽ ገደል አትግቢ። አስታማሚ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?» አለኝ። ክፋት ኖሮት አይደለም። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመ እሱ ነው፤ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። በአራተኛው የላሜራውን ቱቦ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቤቱ ሄድኩ።

«ይሄማ ከባዱ ነው» አለ በሩን እንደከፈተ።

«አዎ፤ ግን ምስሉ የሚረጋው በእሱ ነው። የማነሳው እኔ ነኝ።»

«ተይ፣ ሞኝ አትሁኚ። ነገ እኔንም ማንሳት ይመጣል።»

«አውቄ ነው የመጣሁት። አሁን ልግባ ወይስ በር ላይ ልታስቀረኝ ነው?»

ከበሩ ዞር አለልኝ። ያለቅስ ነበር፤ እኔም።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቱቦውንም እሱንም አነሳሁ፤ ግቢ አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት አባቴም እየመጣ አገዘኝ። ቱቦው ዛሬም ከባድ ነው። እሱ ግን መጨረሻ ላይ ምንም አይከብድም ነበር።