ጫማ ያወለቀው ዳኛ

ኢንስፔክተር ዓባይነሽ ከቅዳሴ ተመልሳ ገና የቤቷን በር ሳትከፍት ስልኳ ጠራ። የደወለላት ቡሬ ያለ የሥራ ባልደረባዋ ነበር። መምህር ዓለምብርሃን የሚባል የአማርኛ አስተማሪ ወደ ነቀምት መውጫ ካለ ጅምር ፎቅ ላይ ወድቆ ሞቶ አድሯል። ጫማውን ጫፉ ላይ አውልቆ ማስቀመጡ ስለታየ ራሱን እንደጣለ ሁሉም ሰው ተስማምቷል፤ የእሷ መምጣት ለወጉ ያህል ነው አላት። ዓባይነሽ ደግሞ ሁሉም ሰው የተስማማበት ነገር አይዋጥላትም። ሰው ቶሎ የሚስማማው ወይ ሲርበው ወይ ሲፈራ ነው ትላለች። ነጠላዋን እንኳ ሳትቀይር ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተሳፍራ ቡሬ ገባች።

ፎቁ ፎቅ ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ምድር ቤቱ ስመኘው የሚባል ጎልማሳ ኮምፒውተር ደርድሮ የሚያከራይበት ጌም ቤት ነው። ከላይ ያለው ግን የኮንክሪት ወለሉ፣ ሶሌታው፣ ብቻ ተሞልቶ፣ ብረቱ እንደሾለ፣ መከለያ ሳይሠራለት ክረምት ከበጋ ገንዘብ ይጠብቃል። አስከሬኑ ጓሮ፣ የድንጋይ ንጣፉ ላይ፣ ጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከራስጌው በጠዋት ከማንኩሳ የደረሱት እናቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የንስሐ አባቱ ቄስ ዘሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

ቄስ ዘሩ ኢንስፔክተሯን ፈንጠር አድርገው ወሰዷትና ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት እንደማታደርግ ነገሯት። ልጁን ፊደል አስቆጥረው ለቅኔ ቤት ያበቁት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ። ፈንጠር ማለታቸው ግን አልጠቀመም። እናትየዋ ሰምተዋል።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ «ማን ገደለው ብዬ አላስቸግርሽም፤ ገዳይ ካለ እግዜር ያውቀዋል። ራሱን አለመግደሉን ብቻ ንገሪኝ። ልጄን ያለ ፍትሐት እንደ ከብት አፈር ላልብሰው ነው?»

«እስከ መቼ ይቆዩኛል፣ እናቴ?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ማንኩሳ መድረስ አለበት።»

ዓባይነሽ ጋቢውን ከእግሩ በኩል ገለጥ አደረገች። ሟቹ ነጭ ካልሲ አድርጓል። በርከክ ብላ መርገጫውን ለረጅም ጊዜ ስላየች ከበዋት የቆሙት ሰዎች የምትጸልይ መስሏቸው ነበር። ከዚያ መሰላሉን ተያያዘችው። ቅዳሜ ከሰዓት የዘነበው ዝናብ ከሲሚንቶ ብናኝ ጋር ተቦክቶ ሶሌታውን ዳር እስከ ዳር አጨማልቆታል። ጉድ ልይ ባይ ጎረቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲረግጠው ስለዋለ ዱካ የሚባል ነገር አልተረፈም። ጫማዎቹን ግን ፈርተው አልነኳቸውም። ከጫፉ ላይ የቀኙ በግራው ላይ ተነባብሮ ተቀምጠዋል። ዓባይነሽ ስትወርድ የራሷ ጫማ እስከ ማሰሪያው አመድማ ጭቃ ለብሶ ነበር።

ስመኘውን ጠርታ ማታ እዚህ ቤት ማን እንደነበረ ጠየቀችው። ሦስት ወጣቶች በየቅዳሜው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ አላት። እያንዳንዳቸው በኮምፒውተሩ ላይ የፈጠራ መንግሥት ይመራሉ። ጦሩ የሚዋጋው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ማግባባቱ፣ ማስፈራራቱ፣ ውል ማሰሩ ግን በአፍ፣ በዳኛው ፊት ነው። መምህር ዓለምብርሃን ዳኛቸው ነበር። በልጅነቱ ቅኔ የተማረ በመሆኑ «የኔታ» ይሉታል። ብዙ መሬት የያዘውን አያሸልምም፤ ነጥብ የሚሰጠው ለድርድርና ለትረካ ነው። ውል ያፈረሰ ንጉሥ ለምን እንዳፈረሰ በወጉ ከተረከ ይመሰገናል፤ ዝም ብሎ ካፈረሰ ጉድ ይፈላበታል። አንድ የማይነቃነቅ ሕግም ነበረው፦ ንጉሥ መልእክተኛ ያላደረሰለትን አያውቅም። የዘንድሮውን ፍርድ ዛሬ ሊሰጥ ቀጠሮ ነበር። ማታ ሁሉም ሲወጡ እሱ ፍርዱን ሊያሰላስል እንደ ልማዱ ወደ ላይ እንደወጣ ስመኘው ቁልፉን ትቶለት ሚስቱን ይዞ ማኅበር ቤት ሄዷል፤ እዚያው ማምሸቱን ማኅበርተኛው ሁሉ መስክሯል።

ከሦስቱ መጀመሪያ ቃሉን ሊሰጥ የገባው ናሁሰናይ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። ሰው ገፍቶት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ቅዳሜ ከዳኛው ጋር ተጣልቶ ነበርና። የሌላዋን ተጫዋች፣ የያምሮትን፣ መንግሥት ውል አፍርሶ ወረረ። ለምን ሲባል «ስለቻልኩ» አለ። ዳኛው ለትረካ ባዶ ሰጠው፤ እሱም ተሳደበ። የናሁሰናይ ቃል እንደ እህል ጆንያው ቀዳዳ የበዛበት ነበር። በባጃጅ ሄድን አለ፤ ቆይቶ በእግር ነው አለ፤ ቆይቶ ባጃጁን ሦስታችንም አብረን ተሳፍረን ሌላው ጓደኛችን ክንፈሚካኤል ካርድ ልግዛ ብሎ መንገድ ላይ ወረደ አለ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «ሰድቤው ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተ» ብሎ ወጣ።

ክንፈሚካኤል በበኩሉ ለመናገር የተፈጠረ ይመስላል። ዘንድሮ ንጉሡ የከዳውን ወንድሙን እንደማረ የተረከው ትረካ ከቡሬ አልፎ ተሰምቶለት፣ አዲስ አበባ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ታሪክ ጸሐፊ አድርጎ ቀጥሮታል። በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል። ማታ ከጓደኞቹ ጋር እንደወጣ፣ ካርድ ገዝቶ ቤቱ እንደገባ፣ የሰማዩ ቀለም እንኳ ምን እንደሚመስል ሳይቀር ነገራት። ዓባይነሽ ደስ ብሏት ድገምልኝ አለችው። ደገመላት፤ አንዲት ቃል አልተዛነፈችም።

«ጫማውስ?» አለችው።

«በእኛ ሕግ የተሸነፈ ንጉሥ ጫማውን አውልቆ የቀኙን በግራው ላይ ያነባብራል። አበቃሁ ማለቱ ነው። የኔታም የነገረን ይህንኑ ነው፤ ምን ያህል እንደተከፋ ሳናውቅለት ቀረን እንጂ።»

«ትናንት የያምሮት መንግሥት ሲወድቅ ነበርህ?»

«አልነበርኩም። ከአዲስ አበባ ደውለውልኝ ውጭ ነበርኩ። ስመለስ ከካርታው ላይ የእሷ ቀለም ጠፍቶ አየሁ።»

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ያምሮት የገባችው ዓይኗ አብጦ ነው። ብዙ መናገር አልፈለገችም፤ ዓባይነሽ ስለ ሽንፈቷ ስትጠይቃት ግን ሳትወድ ፈገግ አለች። መንግሥቷ እንደወደቀ ጫማዋን አውልቃ በሩ ላይ አነባበረች። ወዲያው ቄስ ዘሩ ገበያ ውለው የንስሐ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲገቡ ጫማው አደናቀፋቸው። ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ተቆጡ።

«‹ጫማ የሚወልቅ ለተቀደሰ ስፍራ ነው፤ ለጨዋታ ታወልቃላችሁ?› አሉን። የኔታ ተነሥቶ መስቀላቸውን ተሳለመና እዚያው ሕጉን ሻረው። ከእንግዲህ የተሸነፈ እጅ ነሥቶ ይውጣ፤ ጫማ የሚባል ነገር እንዳላይ አለን። እኔንም ተጫሚ አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ የተነሣ ነገር አለ?»

«የለም። የወደቀም አልነበረ፣ ማን ያነሣዋል። ብቻ ልንበተን ስንል፣ ነገ ሁላችሁም ስልካችሁንና ወረቀታችሁን ትታችሁ የንጉሣችሁን ታሪክ በቃላችሁ ትነግሩኛላችሁ አለ። ከዚህ በፊት እንዲህ አዝዞን አያውቅም።»

ዓባይነሽ ተነሣች። ጥርጣሬ ደስ የሚል ስሜት አይደለም፤ በተለይ የሦስት ልጆችን ፊት እያዩ። የምትጠረጥረው ግን አሁን አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የዋዛ አይደለም። ሁሉም ጌም ቤቱ እንዲሰበሰቡ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽና ቄስ ዘሩም እንዲገቡ አደረገች። የዳኛው ወንበር ባዶውን ነበር፤ እሷም አልተቀመጠችበትም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብላ ጀመረች። «ሥሩ ካልሲው ነው። ላይ ወጥቼ ስመለስ ጫማዬ የሆነውን አይታችኋል። መምህር ዓለምብርሃን ጫማውን እዚያ ጫፍ ላይ አውልቆ ቢሆን ኖሮ በካልሲው ያንን ጭቃ ሳይረግጥ ወዴት ይሄድ ነበር? ካልሲው ከሥሩ እንደታጠበ ነው። የወደቀው ከነጫማው ነው። ጫማውን ያወለቀለት ሌላ ሰው ነው፤ ከሬሳው እግር አውልቆ ወደ ላይ ተመልሶ ያስቀመጠው።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። ቄስ ዘሩ ቀና አሉ።

«ሁለተኛው፣ አቀማመጡ ነው። ያ ሰው ራሱን ጣለ ማስባል ብቻ አይደለም የፈለገ፤ ታሪክ ሊነግረን ፈልጓል። የቀኙን በግራው ላይ አነባበረ። ያምሮት፣ ይህ በእናንተ ሕግ ምንድን ነው?»

«ትናንት ተሽሯል፤ እኔ ጫማዬን ሳወልቅ፣ አባ ሲቆጡን።»

ናሁሰናይም ራሱን ነቀነቀ። ስመኘውም «በሩ ላይ እየተደነቃቀፍን ነበር፤ ተገላገልን ብዬ ነበር» አለ። ክንፈሚካኤል ብቻ አንዴ ያምሮትን አንዴ ቄሱን ያይ ጀመር።

«ስለዚህ» አለች ዓባይነሽ፣ «መምህሩ ለንስሐ አባቱ ሲል በሻረው ምልክት በዚያው ምሽት አይሰናበትም። መሻሩን የሰማ ሰውም በዚያ ምልክት አያሰናብተውም። ሕጉ ያለ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሕጉ ሲሻር ውጭ ስልክ የሚያናግር። ክንፈሚካኤል፣ ንጉሥ መልእክተኛ ያላደረሰለትን አያውቅም። ለአንተ መልእክተኛ አልደረሰህም።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ክንፈሚካኤል። ድምፁ አሁንም ያማረ ነበር። «እኔ የኔታን ለምን እጠላዋለሁ?»

«ምክንያቱን ከአንተ ነው የምንሰማው። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አኑር።» አኖረ። «አዲስ አበባ ያስጠራህን ታሪክ አስብ። ንጉሥህ የከዳውን ወንድሙን ለምን ማረው?»

ክንፈሚካኤል አፉን ከፈተ። የሚመጣ ነገር አልነበረም። እጁ ሳያውቀው ወደ ስልኩ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ለእናታቸው ስለማለላት ነው» አለ ናሁሰናይ ቀስ ብሎ። «እኔ እንኳ አስታውሳለሁ። አልቅሼ ነበር የሰማሁት።»

«ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ይዞ የመጣን ተማሪ የሚለዩት እንዲህ ነው» አለች ዓባይነሽ፣ «ከየት አመጣኸው፣ ለምን እንዲህ አልህ እያሉ። መምህሩ በቃላችሁ ያለው ትረካው ያንተ እንዳልሆነ ጠርጥሮ ነው።»

ክንፈሚካኤል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላት ጠፉት። ታሪኮቹን ሁሉ ስልኩ ላይ ባለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፎ ነው ያነበበው። ነገ በቃልህ ሲባል መታወቁ ገባው፤ ከባጃጁ ወርዶ ተመለሰ።

«አንድ ሳምንት ብቻ ዝም በልልኝ አልኩት፤ እግሩ ሥር ወደቅሁ። ‹አልፈርድብህም፤ አንተው ራስህ ደውለህ ንገራቸው› አለኝ። ስልኩን ሊሰጠኝ ዘረጋልኝ። ገፋሁት። እጁን ነበር የገፋሁ... ጫፉ እዚያ መሆኑን...»

በሩ ላይ የቆሙት የቡሬ ፖሊሶች ደግፈው አስነሡት። ዓባይነሽ በሥራዋ ብዙ ውሸታም አይታለች፤ ይህኛው ግን አሳዘናት፤ ያንን ታሪክ ራሱ ቢሞክረው ኖሮ ምናልባት ይችለው ነበር።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ ክንፈሚካኤል አልዞሩም፤ ያፈጠጡት ቄሱ ላይ ነው።

«አባ፣ እንዴት ነው ታዲያ?»

ቄስ ዘሩ ያች ትናንት የተቆጧት ቁጣ የንስሐ ልጃቸውን ራሱን አጠፋ ከመባል ስታወጣው አዩ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው «ፍትሐቱ ይደረግለታል፣ እትዬ። እኔው ነኝ የማደርስለት» አሉ።

«እንግዲያ ላልቅስለት?»

እናትየዋ ይህን ሲሉ በክፍሉ ያለው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ አንዲት እንባ እንዳልጣሉ ያኔ ነው ያስተዋለ። ራሱን ላጠፋ ልጅ ማልቀስ ይፈቀድ አይፈቀድ ጨንቋቸው፣ የሚጠይቁትም ፈርተው፣ ቀኑን ሙሉ አፍነውት ነበር። ቄስ ዘሩ ራሳቸውን ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው አልቅሺ አሏቸው። ወይዘሮ ሀብትነሽ ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ፤ ወደ ጓሮው ወጥተው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ናሁሰናይና ስመኘው ቃሬዛውን ሊያነሡ ተከተሏቸው።