ያልታደሰው ቅጂ

ሽማግሌው ሆስፒታል ውስጥ አልጋቸው ላይ እንዳሉ አርፈዋል። የገደላቸው ሰውነታቸው የማይቀበለው መርፌ ነው። መርማሪዋ ክፍሉ ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት፦ ጥፋተኛዋ ነርሷ ናት! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

የሟቹ ልጅ «ገዳይ!» እያለች ትጮህባታለች። ነርሷ «ኮምፒውተሩ ላይ ማስጠንቀቂያ አልወጣም፣ በልጆቼ እምላለሁ!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። የሥራ ፈቃዷ ሊነጠቅ፣ እሷም ወህኒ ልትወርድ ነው።

መርማሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ የሟቹን ስም ስታስገባ ማስጠንቀቂያው በቀይ ወጣ፤ ከሥሩም ‹አለርጂ አረጋግጫለሁ› የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ነበር።

«ይኸው!» አሉ ዋና ሐኪሙ። «ዓይኗ እያየ ነው የወጋቻቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በዚሁ ኮምፒውተር ስመዘግብ ሁሌም ይወጣ ነበር።»

«ሁሌም?»

«አልኩሽ እኮ!»

መርማሪዋ የኮምፒውተር ባለሙያውን አስጠራችው።

«መረጃው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ አንድ ቦታ ነው ያለው» አላት። «የምንሞላበት ቅጽ ግን በየኮምፒውተሩ የየራሱ ቅጂ አለው። ማስጠንቀቂያውን የጨመርኩት በቅርቡ ነው። በትክክለኛው መክፈቻ ከገቡ አዲሱ ቅጂ ከሰርቨሩ በራሱ ይመጣል።»

«አሮጌውን በቀጥታ የከፈተስ?»

«አይታደስለትም። የሞላው ግን ያው ሰርቨሩ ላይ ይገባል።»

«በአዲሱ ‹አለርጂ አረጋግጫለሁ› የሚለው ላይ ምልክት ሳያደርጉ መመዝገብ ይቻላል?»

«በፍጹም! ለማንም ታካሚ እንቢ ይላል።»

«በል ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

ተሰበሰቡ።

«የሟቹ መዝገብ ላይ ምልክቱ የለም» ብላ ጀመረች። «እንግዲህ ነርሷ የሠራችው በአሮጌው ቅጂ ነው፤ አዲሱ ቢሆን አይመዘግብላትም ነበር። ሰውየው ካረፉ በኋላ ግን አንድ ሰው አዲሱን አምጥቶ ተክቶታል።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ እርስዎ በዚህ ሳምንት ከዚህ ክፍል የመዘገቡትን ሁሉ አየሁ። አንዱም ምልክት የለውም። ታዲያ ያልነበረ ማስጠንቀቂያ እንዴት ታየዎት? አሮጌውን እዚህ ያስቀመጠ ሰው ካልሆነ በቀር ለዚህ ማን ይዋሻል?»

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ።

«በትክክለኛው መክፈቻ ሲገቡ ይዘገያል» አሉ። «ታካሚ ተሰልፎ ማን ይጠብቃል? በቀጥታ እንዲከፈት አሮጌውን ዴስክቶፑ ላይ፣ ፊት ለፊት አወጣሁት።»

«እሷም ያገኘችውን ከፈተች። ሰው ሲሞት ቀይረው በእሷ አላከኩ!» መርማሪዋ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «አያፍሩም?»

የሟቹ ልጅ ወደ ባለሙያው ዞረች። «ምን ያህል ነው የሚዘገየው?»

«አንድ ሁለቴ ቢተነፍሱ ነው» አላት አቀርቅሮ።

«አባቴን ለዚህ?»

ልጅቷ ነርሷ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ነርሷ ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

«እኔን ተይኝ፣ እህቴ። የወጋሁትስ በገዛ እጄ ነው፤ ከእንግዲህ እንቅልፍ የለኝም» አለቻት። ከዚያ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሐኪም በጣቷ አሳየቻት። «እሱን ግን እንዳትለቂው!»