ፋይሉ ውስጥ ያለው ልብ

የሆስፒታሉ ምስል አንሺ አክስት የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት፣ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው ነው። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፈው፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቷል።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከአራት ወር በፊት፣ የሦስት ብሔረሰቦችን ልብ በሲቲ ስካን እያነሳ የሚያወዳድር ጥናት ሴትዮዋን መርምሮ "ፍጹም ጤነኛ" ብሏቸው ነበር። ምስሉ ስር በአንሺነት የተጻፈው ስም ደግሞ የገዛ እህታቸው ልጅ፣ የምስል አንሺዋ ስም ነው። ቤተሰቡ ለፖሊስ አመለከተ።

መርማሪው ምስል ማንሻ ክፍሉ ድረስ መጣ።

"አክስትሽን ያነሳሻቸው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ለምኜ ያመጣኋቸውም እኔው ነኝ።"

"ይሄ የሳቸው ልብ ነው?"

ስክሪኑን አየች። ደም ሥሮቹ ጥርት ብለዋል።

"አይደለም! አክስቴ 'ትንፋሽ ያዙ' ሲባሉ ሳቃቸው ይመጣል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነሳኋቸው፤ ሦስቱም ብዥ ያሉ ነበሩ።"

"ምስሉ የተቀየረው ባንቺ የይለፍ ቃል ነው።"

"ክፍሉ በሙሉ የሚሠራው በኔ የይለፍ ቃል ነው። ኮምፒዩተሩ በየአምስት ደቂቃው እየተዘጋ ሲያማርረን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።"

መርማሪው ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የኮምፒዩተር ጠጋኙን ጠርጥሮ ነበር፤ ሰውየው ግን ያን ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልጋ ላይ ነበር። ቀረች እሷ።

"ይሄ ልብ የሳቸው ካልሆነ የማን ነው? እሳቸው ያሉበትን፣ የናንተን ብሔረሰብ ሰዎች ምስል በሙሉ ጎን ለጎን አውጪልኝ" አላት።

ይህን ከዚያ በፊት ያደረገ የለም። ጥናቱ አንዱን ብሔረሰብ ከሌላው ጋር ያስተያያል እንጂ የራስን ከራስ አጠገብ አያስቀምጥም። ደረደረቻቸው። አሥራ አንዱ አንድ ልብ ናቸው።

በአሥራ አንዱም ላይ ከትልቁ ደም ሥር ወደ ጎን ሹልክ የምትል ቀጭን ቅርንጫፍ አለች። ያቺን ቅርንጫፍ ታውቃታለች። ማሽኑ አዲስ የመጣ ጊዜ፣ ሰው እንዳይፈራ ብለው ቀድመው የተኙት የጥናቱ ኃላፊ ነበሩ። የሷው ብሔረሰብ ሰው፣ ያስተማሯት፣ ሥራ ያስገቧት፣ ጋሼ እያለች የምትጠራቸው የልብ ሐኪም። ያነሳቻቸው እሷ ናት፤ ቅርንጫፏን ያየችውም ያኔ፣ እሳቸው ልብ ላይ ነው።

እሷና መርማሪው ቢሯቸው ሲገቡባቸው ሐኪሙ አልካዱም።

"የሌሎቹ ልብ ደህና፣ የኛ የታመመ ሆኖ ወጣ" አሉ። "ይሄ ቢታተም ምን እንደምንባል ታውቂያለሽ። ማን ይቀጥረናል? ማን ልጁን ይድርልናል? ስማችንን ነው ያዳንኩት።"

"አክስቴ 'ደረቴን ወጋኝ' ሲሉህ 'ምንም የለብሽም' ብለህ መለስካቸው!" ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። "እኔም ጋሼ ካሉ እውነት ነው ብዬ አጽናናኋቸው። በኔ አፍ ነው የገደልካቸው።"

"እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም" አለና አንገቱን ደፋ።

መርማሪው ይዞት ሲወጣ እሷ የቀሩትን አሥር ሰዎች ስልክ ቁጥር አወጣች። ለመጀመሪያዋ ደወለች።

"እናቴ፣ የልብ ምርመራዎ ውጤት የርስዎ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ይምጡ።"

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ።

"ሂጂ እዛ! ልቤን ያዩልኝ የኛው ሰው ናቸው፤ ደህና ነሽ ብለውኛል። ባዳ ቢለኝ ኖሮ እጠራጠር ነበር። ካላመንሽ እሳቸውን ጠይቂ።"

ስልኩ ተዘጋ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ያንኑ ቁጥር እንደገና ደወለች።