ያልተነካው አዳራሽ

ፎቶ አንሺው የሞተው ወደ ኋላ ሲራመድ ነው። ከተዘጋ ዘመናት ባስቆጠረው ሆቴል ሁለተኛ ፎቅ፣ የዳንስ አዳራሹን በሙሉ በካሜራው ለማስገባት ሲያፈገፍግ ምንጣፍ ረገጠ፤ ከሥሩ ያለው ጣውላ በስብሶ ኖሮ ከነካሜራው ይዞት ወረደ።

በማግስቱ መርማሪዋ እህቱን ይዛ መጣች። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆመዋል። የበሰበሰውን ወለል ባለቤቱ እንዳያይባቸው በምንጣፍ ሸፍነዋል ተብለው ሊወሰዱ ነው።

«አባባ፣ ምንጣፉን እርስዎ ነዎት ያነጠፉት?» አለች መርማሪዋ።

«በዚህ ጉልበቴ፣ ልጄ? ፎቅ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ!»

እህት አላመነቻቸውም። የምትጠላው ሰው ፈልጋ ነበር፤ እሳቸውንም እዚያው ቆመው አገኘቻቸው።

ደረጃውን ደግፎ ያወጣት «ቀዳሚ» ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከወንድሟ ቀድሞ ወደ ፈራረሱ ቤቶች እየገባ፣ ወለሉን በብረት ዘንግ እየወጋ፣ የበሰበሰው ላይ በቀይ ጠመኔ ክብ ስለሚያሰምር ስሙ ቀዳሚ ሆኖ ቀረ። ወንድሟ ቀይ ክብ ካላየ ዓይኑን ጨፍኖ ይራመዳል።

መርማሪዋ ጠባይዋ ያናድዳል፤ ሰው እያለቀሰ እሷ ግድግዳ ታያለች።

«ወለሉን ሲፈትሹ ምንጣፉ የት ነበር?»

«እዚሁ» አለ ቀዳሚ። «ስለዚህ ከሥሩ አልፈተሽኩም። ሕጋችን ነዋ፣ ያገኘነውን አንነካም። እንዳትረግጠው ብዬው ነበር፤ ካሜራ ከያዘ መች ይሰማል!»

እውነቱን ነው። ወንድሟ የደበዘዘ መጋረጃ ቢያገኝ እጥፋቱን እንኳ አያስተካክልም፤ ዝናውም በዚሁ ነው።

«እህቴ፣ ወንድምሽ ሰሞኑን ምን ሆኖ ነበር?»

«ከፍቶት ነበር። የፎቶ መጽሐፉ ሊታተም ሳምንት ሲቀረው አይወጣም አለ። ለምን ብለው ዝም።»

መርማሪዋ ፖሊሶቹ ዘበኛውን ደግፈው ወደ ፎቅ እንዲያወጧቸው አዘዘች። ሁሉም ሲሰበሰቡ ወደ ምንጣፉ ጠቆመች።

«ግማሹን ፀሐይ አደብዝዛዋለች። የደበዘዘው ጎን ግን ፀሐይ ደርሳበት የማታውቅ ጥግ ውስጥ ነው። እመስኮቱ ሥር ደግሞ አቧራ ያልጠገበ፣ የምንጣፉን ያህል ቦታ አለ። ሰሞኑን ከዚያ ተነስቷል።» ለመጽሐፉ የተዘጋጁትን ፎቶዎች አወጣች። «እዚህኛው ፎቶ ላይ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ሳይደበዝዝ የቀረው ክብ ግን ክንድ ያህል ወዲያ ነው። ወንበሩም፣ መስታወቱም እንዲሁ። ሟቹ ሁሉንም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎባቸዋል። አንድ ሰው ቀድሞት እየገባ ክፍሎቹን ሲያስጌጥለት ኖሯል።»

ቀዳሚ ሳቀ። «ያስጌጠ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ምንጣፉ እዚሁ ነበር፣ ከሥሩ አልፈተሽኩም ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

ተንበርክካ ከጉድጓዱ ዳር የቀረውን ምንጣፍ ገለጠች። ጣውላው ላይ የቀይ ጠመኔ ክብ ግማሹ ቀርቶ ነበር።

ሃያ ዓመት ምንጣፍ ከማያነሳ ሰው ጋር የኖረ ሰው፣ ሌላው ሊያነሳ እንደሚችል ረስቶታል።

«መበስበሱን አውቀው፣ ምልክትዎን አድርገው ነበር» አለች መርማሪዋ። «የሸፈኑት ከዚያ በኋላ ነው።»

ፖሊሶቹ የሽማግሌውን ክንድ ለቀው ወደ ቀዳሚ ዞሩ።

«አጭበርባሪ ነህ አለኝ!» አለ ቀዳሚ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ለሰው ሁሉ ሊናገርብኝ ነበር። ያን ሁሉ ውበት ያየሁት እኔ፣ ያሰናዳሁት እኔ! እሱ ቁልፍ ከመጫን በቀር ምን ሠራ?»

እህት የምትጮህ መስሏት ነበር። ድምፅዋ ግን ቀስ ብሎ ወጣ።

«ትናንት ጠዋት ብቻዬን ልሂድ ብሎኝ ነበር። አይሆንም፣ ወለሉ ይጥልሃል ብዬ ለመንኩት። አብረኸው እንድትሄድ ደውዬ የጠራሁህ እኮ እኔ ነኝ።»