በብርድ የሚጮህ ሞተር

ወንድም ጋሼ እታለምን በሹራቧ አንገት ይዞ ከወጥ ቤት ሲጎትታት፣ ታናሽ እህታቸው ብሎን የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደወተፈች ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ነይ ስሚው! ነይ የሠራሽውን በጆሮሽ ስሚ!»

ግቢው ውስጥ ወንድም ጋሼ አስነስቶ የተወው መኪና ብቻውን ቆሞ ይጮሃል። መሪው ላይ ሰው የለም፤ ነዳጅ የረገጠለትም የለም። ቢሆንም ሞተሩ ቀፎው እንደተነካ የንብ መንጋ ይንጫጫል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት ይተፋል። የዓመቱ የመጀመሪያ ብርድ የገባው ባለፈው ሌሊት ነበር። የመኪናው መስታወት ላይ ያደረው ጤዛ እንደ ጨው ነጥቷል።

«እሁድ ዕለት ምን አደረግሽው?»

«ምንም! አንተው አጠገቤ ተቀምጠህ የለም እንዴ? ሜዳውን ሁለቴ ዞርኩ፣ አቆምኩ፣ በቃ!»

በጥፊ አላት። ድምፁ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማ። እታለም ወደ ኋላ ስትንገዳገድ የበሩ ጠርዝ ተቀበላት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጯ ወረደ። ሁለተኛውን ሊደግማት እጁን ሲያነሳ እናታቸው የእጅ ፎጣ ይዛ መሐል ገባች።

«ተው ልጄ! በአባትህ አጥንት! ተው!»

ተወ። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ጠረቀመና እየጮኸ በሚሄድ ሞተር ከግቢ ወጣ።

አባታቸው ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘው ወንድም ጋሼ ነው፤ ሰው እየጫነ ያድራል፣ ያገኘውን ያመጣል። ለረጅም ጊዜ የነዳው ነዳጁን በኮምፒዩተር ሳይሆን በካርቡራተር የሚያመጣጥን አሮጌ መኪና ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ለማስነሳት ልመና የሚፈልግ። ይህን አዲሱን ከገዛው ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። እታለም ሃያ ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው በቅርቡ ነው። እሁድ ዕለት «ነይ እስቲ ልይሽ» ብሎ በራሱ ፈቃድ መሪውን የሰጣት እሱ ነበር።

እናታቸው ፎጣውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ የእታለም ከንፈር ላይ ያዘች። «ሆዱ እኮ ክፉ አይደለም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ድካም ነው። ደግሞ ይሄን ደጅ አውጥታችሁ እንዳታወሩ፤ ገመናችንን ማን ይሸፍንልናል?»

ብሎን አፏ ውስጥ የቀረውን የጥርስ ሳሙና ዋጠችው። ስሟ ብሎን አልነበረም። ትንሽና ድፍን ስለሆነች፣ አንዴ ከያዘች ደግሞ ስለማትለቅ ወንድም ጋሼ ራሱ ያወጣላት ቅጽል ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የአውቶ ክፍል ውስጥ ካሉት ሦስት ሴቶች አንዷ ናት። የዚያን ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛ ነው።

የሞተር መምህራቸውን ተማሪው ሁሉ ጋሽ ዘይቱ ይላቸዋል፤ ጥፍራቸው ሥር ያለው ዘይት በበዓል ቀን እንኳ አይለቅም።

«ጋሽዬ፣ ሚኒሞ፣ የሞተሩ ዙር፣ ጠዋት ለምን ከፍ ይላል? መኪናው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ማለቴ ነው። ማንም ሳይረግጥ ብቻውን ይጮሃል።»

«አንቺ ጠዋት ከአልጋ ስትወጪ ብርድ ከሆነ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጄን አሻሻለሁ፤ እዘላለሁ።»

«እሱም እየዘለለ ነው።» ጋሽ ዘይቱ ሳቁና ማሳያ ሞተሩን በቡጢ መታ መታ አደረጉት። «ቤንዚን በብርድ ቶሎ አይተንም። ግማሹ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እዚህች ጋ የውሃውን ሙቀት የምትለካ ሴንሰር አለች፤ ‹ገና ነው፣ አልሞቀም› ብላ ለኮምፒዩተሩ ትነግረዋለች። እሱም ነዳጁንም አየሩንም ይጨምራል። ዙሩ ከፍ ካላለ ይንቀጠቀጥና ይጠፋላ! ጭስ ማውጫውም ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲሞቅ ራሱ ይወርዳል። ሞቆም አልወርድም ካለ ያኔ ሕመም ነው፤ አምጪልኝ።»

«ስለዚህ ነድቶ ያበላሸው ሰው የለም ማለት ነው።»

ጋሽ ዘይቱ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ማን ነው አበላሸ የተባለው?»

«ኧረ ማንም» አለች ብሎን፤ ደብተሯን አጠፈች።

ቀኑን ሙሉ ልቧ ቀለላት። ነገሩ አለማወቅ ነው፤ ሲያውቅ ይተዋል፤ ሲተው ያፍራል፤ ሲያፍር ይቅርታ ይላል። እንደ ሒሳብ ስሌት አንዱ ከአንዱ እየተከተለ ሲወጣ ይታያታል።

በማግስቱ ጠዋት ወንድም ጋሼ ዳቦ ገዝቶ ገባ። እያፏጨ ነው። የእታለምን ያበጠ ከንፈር ላለማየት ግን ዳቦውን ወደ ጎን ዞሮ አስቀመጠላት። ብሎን ጊዜው አሁን ነው አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናውን አስነሳና አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ።»

«እሺ፣ ኢንጅነር!»

ሞተሩ ተነሳ፤ ጮኸ። ብሎን በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ የዙር መቁጠሪያውን አሳየችው። ቀስቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ላይ ተቀምጧል። ሴንሰሩን፣ ቤንዚኑን፣ ቀዝቃዛውን ብረት፣ ጋሽ ዘይቱ እንዳሉት አንድ በአንድ ነገረችው። እየተናገረች ሳለ ቀስቱ መውረድ ጀመረ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። አንድ ሺህ አንድ መቶ። የሞተሩ ጩኸት ወደ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙም ወደ ለስላሳ ድምፅ ተለወጠ። ስምንት መቶ አካባቢ ሲደርስ ቆመ።

«አየህ? ጤነኛ ነው። ማንም አልነካውም።»

ከአጥሩ ማዶ ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ቡናማ ኮት በክንዱ አንጠልጥሎ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። «በለው!» አለ እየሳቀ። «ሾፌሩን ሚጢጢዋ አስተማረችው! አቦ ትመቺኛለሽ!»

ወንድም ጋሼም ሳቀ። ጥርሱ ብቻ ነበር የሳቀው።

እታለም ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ሥር ቆማለች። ድምፅዋ ከተሰነጠቀው ከንፈሯ መሐል ቀጥኖ ወጣ። «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ብሎን በኋላ ላይ ይህን ቅጽበት ስታስበው ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ይምታታባታል። የኋላው ኮፈን ሲከፈት ሰምታለች። የጎማ መፍቻው ብረት በወንድም ጋሼ እጅ ላይ ሲያብለጨልጭ አይታለች። እታለም ፊቷን ለመከላከል ክንዷን አነሳች፤ ብረቱ ክንዷ ላይ ሲያርፍ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። እታለም አልጮኸችም። አየር ብቻ ነው ከአፏ የወጣው፤ ከዚያ ተንበረከከች።

ብረቱ እንደገና ተነሳ። ብሎን ዘላ ጀርባው ላይ ተለጠፈችና ጆሮውን በሁለት እጇ ጨመደደች። እንደ ጆንያ ወረወራት። ግንባሯ ከመኪናው ጎን ጋር ተላተመ፤ አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣባት። ከወደቀችበት ሆና ልብስ ሰፊው «ኧረ በሕግ! ኧረ ገላግሉ!» እያለ አጥሩን ሲነቀንቅ ሰማች። ሞተሩም ጆሮዋ አጠገብ በሰላም እየሠራ ነበር።

ወንድም ጋሼ ብረቱን ጣለው።

«አየሽ?» አላት እታለምን፣ ሊያለቅስ እንደደረሰ ሰው። «አየሽ ምን እንደምታስደርጊኝ?»

ያኔ ብሎን ገባት። እሷ የሞተሩን ነገር አስረድታ ነበር። የሞተሩ ነገር አልነበረም፤ ለመምታት ሰበብ አያጣም። ሞተሩ ባይጮህ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ሻዩ ባይቀዘቅዝ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል።

ጤና ጣቢያ የወሰዳቸው ራሱ ነው። መንገዱን ሁሉ «እታለምዬ፣ ነፍሴ፣ አይዞሽ» እያለ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እንዳያንገጫግጫት እየተጠነቀቀ ነዳ። ከኋላ የተቀመጠችው እናታቸው የእታለምን የተሰበረ ክንድ በነጠላ አቅፋ፣ በጆሮዋ አንድ ነገር ስታንሾካሹክ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ ነው። ክንዱን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰች፣ ከንፈሩን አየች፣ ወረቀት አወጣች።

«እንዴት ነው የተጎዳሽው?»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። በክፍተቱ የወንድም ጋሼ ጫማ ይታያል፤ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ወድቄ ነው» አለች እታለም። «ደረጃ ላይ።»

«ከንፈርሽስ?»

«እሱም… ስወድቅ።»

«ስወድቅ ነው» አለች እናታቸው ቀስ ብላ፣ እንደተሳሳተ ተማሪ የልጇን ቃል ሳትለውጥ ደግማ። ደንግጣ አረመችው። «ስትወድቅ ነው፣ የኔ ልጅ።»

የሐኪሟ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ዓይኗ ከእታለም ክንድ ወደ ከንፈሯ ሄደ፤ ቁስሉ የዛሬ እንዳልሆነ ጠርዙ ይናገራል። ከዚያ በብሎን ግንባር ላይ ወደወጣው እብጠት ዞረ።

«አንቺም ደረጃ ላይ ነው የወደቅሽው?»

እናቷ የብሎንን ጉልበት በጠረጴዛው ሥር ያዘች። መቆንጠጥ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጫማው መሄዱን አቆመ። እታለም ወለሉን ታያለች፤ ደህነኛው እጇ የሹራቧን ጫፍ ይፈትላል።

ብሎን የእናቷን እጅ ያዘች። ሳትገፋው፣ ሳትጨምቀው ከጉልበቷ ላይ አንስታ የእናቷ ጭን ላይ መለሰችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ጫማውን አላየችም። ገርበብ ያለውን በር ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውም ቀጭ ሲል ተሰማ።

ተመልሳ ከሐኪሟ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እኛ ቤት ደረጃ የለም» አለች።